ነጥብ የሌለበት አጥቢያ

በ1970 ዓ.ም. ኅዳር አጋማሽ ላይ፣ የጎሽ ሜዳ ወረዳ ጽሕፈት ቤት መዝገብ ያዥ የነበረው ኪዳነ ወልድ ካርታ እንዲሥል ታዘዘ። ያዘዘው ከመጣ ወር ያልሞላው የጸጥታ ኃላፊ ጓድ በዕውቀቱ ነው።

ኪዳነ ወልድ በዕድሜው ካርታ ሥሎ አያውቅም። እሱ የሚያውቀው ብራና ነው። አባቱ ቁም ጸሐፊ ነበሩ፤ እሳቸው እግር ሥር ቁጭ ብሎ ብራና ሲፍቅ፣ መቃ ሲቀርጽ፣ መስመር ሲያሰምር አደገ። የማንንም ሰው ጽሕፈት አንድ ጊዜ ካየ አስመስሎ መጻፍ ይችል ነበር። የቤተ ክርስቲያን መሬት ከተወረሰ ወዲህ ግን ዳዊት የሚያስጽፍ ሰው ጠፋ፤ አባቱም ሞቱ። እሱም ሚስቱን ብርነሽን ይዞ ጎሽ ሜዳ ገባና ጽሕፈት ቤት ተቀጠረ።

ጓድ በዕውቀቱ ቀጭን፣ ድምፁን የማያነሣ ሰው ነበር። ከእሱ በፊት የነበሩት አለቆች ይጮኹ ነበር። የሚጮህ ሰው መቼ እንደተቆጣ ይታወቃል፤ የዚህኛው ግን አይታወቅም።

«ባለፈው ሰባት ወር ስንት ጊዜ ተመታን?» ብሎ ጠየቀው።

«አሥራ ዘጠኝ ጊዜ፣ ጓድ።»

«የት የት?»

ኪዳነ ወልድ ፋይሉን ገልጦ ያነብለት ጀመር። በሞላሌ መንገድ አንድ የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ከበቅሎው ላይ ተመትቶ ወደቀ። በራቤል በኩል የእህል መጋዘን ተቃጠለ። ጓሳ ጫፍ ላይ ሁለት ጥበቃዎች ተገድለው መሣሪያቸው ተወሰደ። የስልክ ሽቦ ተቆረጠ፤ ገበያ መሀል ቦምብ ተወረወረ። ይህን ያደረገው ሽፍታ ይሁን፣ ከከተማ የሸሸ የድርጅት ሰው ይሁን፣ ወይም የቆየ ደም የሚመልስ ባላጋራ ይሁን፣ ሪፖርቱ አይለይም። ሁሉም «የፀረ ሕዝብ ሽብር» ተብሎ ነው የተጻፈው።

ጓድ በዕውቀቱ እጁን አንሥቶ አስቆመው። «እንዲህ ሲነበብ አገሩ በሙሉ የተመታ ይመስላል። ሽብር ግን እንደ ክረምት ዝናብ በሁሉም ላይ እኩል አይወርድም። የሚበዛበት አለ፤ የማይደርስበት አለ። በዓይኔ ልየው። አገሩን ሣልልኝና እያንዳንዷን ጥቃት በቀይ ነጥብ አመልክትልኝ።»

ኪዳነ ወልድ አራት ወረቀት በሙጫ አጣብቆ ግድግዳው ላይ ለጠፈ። ገደሉን፣ ወንዙን፣ መሻገሪያውን፣ አጥቢያውን ሁሉ በእግሩ ስለሚያውቀው ሥዕሉ አላስቸገረውም። ያስቸገረው ነጥቡ ነበር። በአባቱ መጻሕፍት ቀይ ቀለም የሚነካው የእመቤታችን ወይም የቅዱሳን ስም ሲደርስ ብቻ ነው። አሁን ብዕሩን ቀይ ውስጥ እየነከረ፣ ሊቀመንበሩ የወደቀበትን ጠመዝማዛ፣ ጥበቃዎቹ የተገደሉበትን ጉብታ እያሰበ አንድ በአንድ ጣለው።

በማግስቱ፣ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ የመጨረሻውን ነጥብ አድርጎ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ አንድ ነገር አየና ብዕሩን እንደያዘ ቀረ። ነጥቦቹ ክብ ሠርተዋል። መሀላቸው የመዳፍ ስፋት ያለው ንጹሕ ቦታ አለ። በዚያ ንጹሕ ቦታ ላይ በገዛ እጁ «ጽድ አምባ» ብሎ ጽፏል።

ጽድ አምባ የብርነሽ አገር ነው። እናቷ ወይዘሮ አዛለች እዚያ ናቸው። አጎቷ ጫኔ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ናቸው። በሰባት ወር ውስጥ አንድ ጥይት ያልተተኮሰበት ለምን እንደሆነ ኪዳነ ወልድ ያውቃል፤ መንገድ የለውም፣ መጋዘን የለውም፣ የታጠቀ ጥበቃ የለውም። ማን ምን ሊያገኝ ይመታዋል? ካርታው ግን ይህን አይናገርም። ካርታው የሚለው፣ ዙሪያው ሁሉ ሲደማ እዚህ ምንም አልተነካም ነው።

ከሰዓት በኋላ ጓድ በዕውቀቱ መጣ። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ካርታው ፊት ብዙ ቆመ።

«ጅብ በዋሻው አፍ ላይ አይበላም» አለ በመጨረሻ። «እዚህ መሀል ያለው ምንድን ነው?»

«ጽድ አምባ ይባላል፣ ጓድ። ትንሽ አጥቢያ ነው። ምንም የሌለበት አገር ነው።»

«ታውቀዋለህ?»

በቅጥር ፎርሙ ላይ የሚስት የትውልድ ቦታ የሚል ጥያቄ አልነበረም። «በስም አውቀዋለሁ» አለ ኪዳነ ወልድ።

«ሰኞ የዘመቻው ጦር ይደርሳል። የት እንደምልከው እያሰብኩ ነው።» ይህን ብሎ ወጣ።

ዘመቻ ምን ማለት እንደሆነ በጎሽ ሜዳ የማያውቅ አልነበረም። ባለፈው ሚያዝያ አንድ አጥቢያ ታስሶ፣ ከአውድማ ዳር የተሰለፉት ወንዶች ስም ዝርዝር ኪዳነ ወልድ ጋ መጥቶ ነበር። «ተደመሰሱ» በሚለው ዓምድ ሥር ሰባት ስም በመዝገቡ ላይ ገልብጧል።

ያን ቀን ቤቱ ሲገባ ብርነሽ ገብስ ስትለቅም አገኛት። እንጀራ አቀረበችለት፤ አልበላም።

«ምን ሆነሃል? ፊትህ አመድ መስሏል።»

«ራሴን ነው ያመመኝ።»

«የጽሕፈት ቤቱ ነገር ነው?»

«ራሴን ነው አልኩሽ» ብሎ ተቆጣት። ተቆጥቷት አያውቅም ነበርና ደንግጣ ወደ ገብሷ ተመለሰች።

ረቡዕ በምሳ ሰዓት ሠራተኛው ሁሉ ሲወጣ እሱ ቀረ። ነፋሱ የጣሪያውን ቆርቆሮ ያንኳኳ ነበር፤ በተንኳኳ ቁጥር ሰው የመጣ እየመሰለው ቀና ይላል። ተራ ወረቀት አወጣና፣ ትናንት ፊደል የቆጠረ ገበሬ እንደሚጽፈው፣ ፊደሉን እያወላገደ ጻፈ። ጥቅምት አሥራ ዘጠኝ ቀን መሣሪያ የያዙ ሰዎች ጽድ አምባ መጥተው በማኅበሩ ቤት ላይ ተኩሰው፣ ሁለት በሬ ነድተው መሄዳቸውን፤ ይህንንም ሊቀመንበሩ ጫኔ ማመልከታቸውን ጻፈ። ጫኔ መጻፍ አይችሉም፤ በጣታቸው ነው የሚፈርሙት። ኪዳነ ወልድ የራሱን አውራ ጣት በማኅተም ቀለም አጨቅይቶ፣ መስመሩ እንዳይለይ አድርጎ ረገጠበት። ደብዳቤውን ፋይል ውስጥ ከተተ። ከዚያም ካርታው ላይ፣ ንጹሑ ቦታ መሀል፣ ሃያኛውን ነጥብ አደረገ። ጣቱ ላይ የቀረውን ቀለም በአመድ ፈትጎ ፈትጎ ሊያስለቅቅ ሲል ቆዳው ተላጠ።

ጓድ በዕውቀቱ ነጥቡን ያየው ገና በሩን ሳይዘጋ ነው።

«ይህ ትናንት አልነበረም።»

«ደብዳቤው ሌላ ፋይል ውስጥ ገብቶ ነበር፣ ጓድ። ዛሬ ነው ያገኘሁት።»

ኃላፊው ደብዳቤውን ተቀብሎ አነበበ። ደግሞ አነበበ። ኪዳነ ወልድ አውራ ጣቱን መዳፉ ውስጥ ጨብጦ ቆመ።

«ሊቀመንበሩን አስጠራልኝ» አለ ጓድ በዕውቀቱ። «ዓርብ እዚህ ይቅረብ።»

ለጫኔ ቃል የሚልክበት መንገድ አልነበረም። ከከተማ ለመውጣት የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል፤ መልእክቱን የሚያደርሰው ታጣቂም የኃላፊው ሰው ነው። ለብርነሽ ቢነግራት ትጮሃለች፤ ወይም ልሂድ ትላለች። 

ጫኔ ዓርብ ረፋድ ላይ ደረሱ። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው የተከናነቡ ሽማግሌ ናቸው። ሲገቡ ኪዳነ ወልድን አዩት። የዛሬ አራት ዓመት በሠርጉ ላይ መርቀውታል፤ አሁን ግን ዓይናቸው እንደማያውቀው ሰው አልፎት ሄደ። ኪዳነ ወልድ ያን ጊዜ ትንሽ ተነፈሰ። ሰውየው ፈርተዋል፤ ፈሪ ሰው ደግሞ ይጠነቀቃል።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ስለ ጥቅምቱ ጥቃት ንገረኝ» አለ ጓድ በዕውቀቱ።

ጫኔ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። «የቱ... የቱን ጥቃት ጌታዬ?»

ኪዳነ ወልድ ቃል ሊመዘግብ ብዕር ይዞ ነበር፤ የብዕሩ ጫፍ ወረቀቱን ቀደደው።

«ያስጻፍከውን ረሳኸው?» አለ ኃላፊው በዚያው ለስላሳ ድምፅ። «መዝገብ ያዥ፣ አንብብለት።»

ኪዳነ ወልድ ደብዳቤውን ተቀበለና ቆሞ አነበበ። ምንባብ እንደሚነበብ ቀስ አድርጎ፣ ቃል በቃል እያስያዘ አነበበው። ቀኑን ሁለት ጊዜ አነበበ፣ እንደተሳሳተ ሰው። «ሁለት በሬ» የሚለው ላይ ሲደርስ ድምፁ ተሰበረ፤ አስሎ ቀጠለ። ጫኔ መጀመሪያ ወለሉን ያዩ ነበር። መሀል ላይ ቀና ብለው ንባቡን ሳይሆን አንባቢውን ያዩት ጀመር።

«አዎን ጌታዬ» አሉ ንባቡ ሲያልቅ። «ይኸው ነው። ብዙ ጊዜ ስላለፈው የረሳችሁት መስሎኝ ነበር። አንዱ በሬ ቀይ ነው፤ አንዱ ግንባሩ ነጣ ያለ ቦራ።»

ጓድ በዕውቀቱ የማኅተሙን ቀለም ገፋ አደረገላቸው። «ለዛሬው ቃልህ ፈርም።» ጫኔ አውራ ጣታቸውን ረገጡ። ኃላፊው ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ይዞ ወደ መስኮቱ ሄደ። ኪዳነ ወልድ በልቡ «አድኅነኒ»፣ አድነኝ ብሎ ጀመረ፤ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው የጸሎቱ ቀጣይ ቃል ግን ጠፋው።

«የደብዳቤው አሻራ ጨቅይቷል» አለ ኃላፊው፤ ወረቀቶቹንም አስቀመጠ። ማመኑን ወይም አለማመኑን ከፊቱ ማንበብ አይቻልም። «ከየት በኩል መጡ?»

ይህ ደብዳቤው ላይ አልነበረም። ጫኔ ወደ ኪዳነ ወልድ አዩ፤ ኪዳነ ወልድ አቀረቀረ።

«ከገደሉ ማዶ» አሉ ሽማግሌው። እንዲያው ከአፋቸው የወጣ ቃል ነበር።

ጓድ በዕውቀቱ ወደ ካርታው ሄደና ጣቱን ከጽድ አምባ ገደሉን አሻገረው። እዚያም ነጥብ የሌለበት ሌላ አጥቢያ አለ፤ ሰንበሌጥ በር ይባላል። ጣቱ እዚያ ላይ ቆመ። «ሰኞ እዚህ ነን» አለ።

ጫኔ ጋቢያቸውን እንደገና ተከናንበው በኪዳነ ወልድ አጠገብ አልፈው ወጡ።

ኪዳነ ወልድ ሰንበሌጥ በር ውስጥ የሚያውቀው ሰው አልነበረም። አንድ ጊዜ በልጅነቱ ለአባቱ የፍየል ቆዳ ሊገዛ ሄዶ፣ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ እርጎ መጠጣቱን ብቻ ያስታውሳል። ያን ቤት እያሰበ ዓርብን ዋለ። ቅዳሜ ጠዋት ኃላፊው ዘንድ ገብቶ፣ ነገ የአባቴ ሙት ዓመት ነውና የአንድ ቀን ይለፍ ይፈረምልኝ አለ። ጓድ በዕውቀቱ ቀና ብሎ አየው።

«በሃይማኖት ታምናለህ?»

«እናቴን እንዳላስቀይም ነው፣ ጓድ።»

ፈረመለት።

እሑድ ጎህ ሲቀድ ተነሣ። አጭሩ መንገድ በጓሳ ላይ ነው። ሜዳው በጉም ተሸፍኗል፤ ሣሩ እስከ ጉልበት ያረጥባል፤ ጅብራ የሚባለው ረጅም የደጋ ተክል ከጉሙ ውስጥ እንደ ቆመ ሰው ብቅ ይላል። እያንዳንዱ ጅብራ ጠመንጃ የያዘ ሰው እየመሰለው ይቆም ነበር። ሁለት ሰዓት ያህል ከተጓዘ በኋላ እውነተኛ የሰው ድምፅ ሰማና በሆዱ ተኛ። አሥር እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ የታጠቁ ሰዎች ተከታትለው አለፉ። አምስት ይሁኑ ስድስት አልቆጠረም። አንዱ ያስላል። የመንግሥት ይሁኑ የጫካ ማወቂያ አልነበረውም። ኪሱ ውስጥ ያለው የይለፍ ወረቀት ለአንዱ ወገን ሕይወቱ ነው፤ ለሌላው ሞቱ። ልብላው ብሎ አሰበ፤ ልቅበረው ብሎ አሰበ። ሳሉ እስኪርቅ ድረስ ፊቱን ሣሩ ውስጥ ቀብሮ ቆየ።

ሰንበሌጥ በር የደረሰው ቅዳሴ ወጥቶ ሕዝቡ ደጀ ሰላም ተቀምጦ ጠበል ጸዲቅ ሲቀምስ ነው። እንግዳ አይተው ወደ እሱ ዞሩ። የደብሩን አስተዳዳሪ መምሬ ተክለጻድቅን ጠይቆ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ወሰዳቸው። ጥርሳቸው የረገፈ፣ መቋሚያቸውን የተደገፉ ሽማግሌ ነበሩ።

«አባቴ፣ ነገ ጦር ይመጣባችኋል። ሰው ሁሉ ዛሬውኑ ይውጣ።»

«ምን አድርገን ልጄ?»

«ምንም።»

«ታዲያ ማን አመጣብን?»

ኪዳነ ወልድ እስከዚያ ድረስ ይህን ጥያቄ ማንም እንደማይጠይቀው ተስፋ አድርጎ ነበር። «እኔ ነኝ» አለ። የሚስቱን አገር ለማዳን ያደረገውን ሁሉ በአጭሩ ነገራቸው።

መምሬ ተክለጻድቅ መቋሚያቸውን እንደተደገፉ ጠጋ አሉት። ከዚያ፣ «ይህን ለሌላ ሰው እንዳትናገር» አሉት። «ከሰሙ ይገድሉሃል። አንተን ሲገድሉ ደግሞ የመሸሻ ጊዜያቸው ያልፍባቸዋል።»

«እርስዎስ?»

«ታቦቱን ለማን ትቼ? ደግሞ ይህን ገደል እኔ በየትኛው እግሬ እወርደዋለሁ? ሂድ አሁን። እግዚአብሔር ይፍታህ ማለት የኔ ፈንታ ነው፤ እሱን ብዬሃለሁ።»

ተመልሶ ሽቅብ ሲወጣ ዞር ብሎ አየ። ሴቶች ሕፃን አዝለው፣ ወንዶች በጎቹን ነድተው ወደ ዋሻዎቹ ቁልቁል ይወርዱ ነበር። የሚጮህ አልነበረም።

ማክሰኞ ጠዋት ጓድ በዕውቀቱ ጫማው ጭቃ እንደሆነ ጽሕፈት ቤት ገባ። ሁለት ቀን ያልተኛ ይመስላል። ተቀመጠና «ጻፍ» አለ።

ኪዳነ ወልድ ብዕሩን አነሣ።

«ኅዳር ሃያ ስድስት ቀን፣ ወንበዴዎች ሰንበሌጥ በር ገብተው ሃያ ሦስት ቤት አቃጥለው፣ አንድ ቄስ ገድለው ሸሹ። ጻፍክ?»

«ጽፌያለሁ፣ ጓድ።» የራሱ ድምፅ ከሩቅ ተሰማው።

«መንደሩን ባዶውን ነው ያገኘነው። ንጹሕ ሰው አይሸሽም። ሽማግሌውን ሕዝቡ የት ገባ ብንለው፣ ዳዊቱን እየደገመ ዝም አለን።» ወደ ካርታው አመልክቶም፣ «ነጥቡን አድርግ» አለ።

ኪዳነ ወልድ ሄዶ ነጥቡን አደረገ። የእህል መጋዘን ከተቃጠለበት፣ ሊቀመንበሩ ከተገደለበት ነጥብ ጋር አንድ ዓይነት፣ አንድ መጠን ያለው ነጥብ ነበር። ነገ የሚያየው ሰው የማን እንደሆነ ሊለየው አይችልም። ሌሎቹስ ነጥቦች? እነሱንስ ማን ማን ነው ያደረጋቸው? ከዚህ በፊት ይህን አስቦ አያውቅም ነበር፤ ሲያስበው ጀርባውን በረደው።

ጓድ በዕውቀቱ ከኋላው መጥቶ ቆመ። «አሁን ደግሞ» አለ፣ «ባዶው ወዴት ሄደ?»

ከዚያ በኋላ ያለው ወር ለኪዳነ ወልድ ከሁሉ የከፋ ነበር። ጠዋት ጠዋት ሲገባ ኃላፊው ካርታው ፊት ቆሞ ያገኘዋል፤ ጣቱ የቱ አጥቢያ ላይ እንደሆነ ለማየት ይፈራል፤ ሳያይም መቀመጥ አይችልም። ደብዳቤውን አንድ ቀን መልሶ የሚያወጣ፣ ሁለቱን የጣት አሻራ መልሶ የሚያስተያይ ይመስለዋል። ታኅሣሥ ሲያልቅ ግን ጓድ በዕውቀቱ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ተዛወረ። ካርታውን ከግድግዳው አንሥቶ፣ ጠቅልሎ ይዞት ሄደ። የተተካው ሰው የሚጮህ ነበር። ኪዳነ ወልድ ዓይኔን አሞኛል ብሎ ከሥራ ሲለቅም ማንም አልጠየቀው።

ለብርነሽ የነገራት የለቀቀ ዕለት ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድም ሳያስቀር ነገራት። እናቷ በሕይወት ያሉት በምን እንደሆነ ስትሰማ አለቀሰች። መምሬ ተክለጻድቅ ጋ ሲደርስ ማልቀሷን ተወች።

«ያመለጡት ሰዎች የት ነው ያሉት?» አለችው።

«ተመልሰዋል አሉ። በተቃጠለው ግድግዳ ሥር ነው የሚያድሩት። ክዳን የላቸውም።»

«ያውቁሃል? ያመጣህባቸው አንተ መሆንህን?»

«አያውቁም። የሚያውቁት እንግዳ መጥቶ አስጠነቀቀ ብለው ነው። እንዲያውም ያመሰግኑኛል አሉ።» ይህን ሲል ፊቱን አዞረ።

ብርነሽ ተነሥታ ጎተራውን ከፈተች። ሁለት ስልቻ ገብስ ሞላች። በቀሪው ዘመናቸው ስለዚህ ነገር ብዙ ቃል አልተለዋወጡም፤ ያን ቀን ያለችው ግን ይህ ነው፦ «ምስጋናቸውን ከፈራኸው አትቀበል። የክዳን ሣር አጨዳ ግን ታውቅበታለህ።»

በማግስቱ ገብሱን በአህያ ጭነው ወጡ። ማጭዱን ትከሻው ላይ አድርጎ እሱ ከፊት ይሄዳል። ከከተማው ጫፍ ያለው ኬላ ላይ ታጣቂው የይለፍ ወረቀታቸውን ተቀብሎ፣ ስልቻውን በሳንጃ ወግቶ ገብሱን አየ።

«የት ነው?»

«ሰንበሌጥ በር» አለች ብርነሽ፣ ኪዳነ ወልድ አፉን ሳይከፍት።

«እዚያ ምን አላችሁ?»

«ዘመድ።»

ታጣቂው ከላይ እስከ ታች አያቸው። ከዚያ ሰውየው የኬላውን እንጨት አነሣላቸው፤ አህያዋን መታ አድርገው አለፉ።